የመርሳት በሽታ ጥናት ለምን ታማሚው ከሚኖርበት አገር ራቀ?

የመርሳት በሽታ የሀብታም አገር አዛውንቶች ችግር እንደሆነ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ቁጥሩ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በ2022 «ዘ ላንሴት ፐብሊክ ኸልዝ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ትንበያ ደግሞ፣ በ2019 ወደ 57 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የታማሚዎች ቁጥር በ2050 ወደ 153 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ገምቷል። ጭማሪው በምዕራብ አውሮፓ 74 በመቶ ሲሆን በምሥራቅ አፍሪካ 357 በመቶ ነው። ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት 443 በመቶ ስለሆነ፣ በ2019 አንድ ታማሚ በነበረበት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከአምስት በላይ ይኖራሉ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ በሽታው ከሚታወቀው ነገር አብዛኛው የተገኘው ግን ትምህርት ቤት ከገቡ፣ የተወለዱበትን ቀን ከሚያውቁና ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ብዙም ከማይቸገሩ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ነዋሪዎች ነው። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሌላው ዓለም ሲያዞሩ የገጠማቸው እንቅፋት የገንዘብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ በሽታውን የሚለዩበት መለኪያ ራሱ ለሌላ ዓይነት ሰው የተሠራ ሆኖ አገኙት። የዚህ ማብራሪያ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

የመርሳት በሽታ ሲባል ምን ማለት ነው?

በሕክምና ስሙ ዲሜንሺያ የሚባለው የመርሳት በሽታ አንድ ወጥ በሽታ ሳይሆን የተለያዩ የአንጎል በሽታዎች የሚጋሩት የምልክቶች ስብስብ ነው። የአንጎል ሕዋሳት እየተጎዱ ሲሄዱ የማስታወስ፣ የማመዛዘን፣ ቃላትን የማግኘት፣ አቅጣጫን የመለየትና ሥራን በቅደም ተከተል የማከናወን ችሎታ ይዳከማል፤ ድካሙ የዕለት ተዕለት ኑሮን ማወክ ሲጀምር ዲሜንሺያ ይባላል። በብዛት የሚታየው ዓይነት አልዛይመር ሲሆን ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል፤ በእርሱ ጊዜ አሚሎይድና ታው የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ባልተገባ መልክ ይከማቻሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የአንጎል የደም ሥሮች ሲዘጉ ወይም ሲደሙ የሚከሰተው ዓይነት ሲሆን ከደም ግፊትና ከስትሮክ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። በብዙ አረጋውያን አንጎል ውስጥ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ።

ዕድሜ ሲገፋ አንዳንድ ነገር ቶሎ ትዝ አለማለቱ ያለ ነው። የጎረቤት ልጅ ስም ጠፍቶባቸው ጥቂት ቆይተው የሚያስታውሱ አባት ታመዋል አይባልም። ለአርባ ዓመት ከተመላለሱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ የጠፋባቸው አባት፣ ወይም ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩት የኖሩትን ወጥ ጀምረው ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ምን እንደሚገባ ግራ የገባቸው እናት ግን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። አልዛይመርስ ዲዚዝ ኢንተርናሽናል የተባለው ዓለም አቀፍ የማኅበራት ኅብረት በ2024 ይፋ ባደረገው የአመለካከት ጥናት፣ ከተጠየቀው ሕዝብ 80 በመቶ የሚሆነው በሽታውን የእርጅና ተፈጥሯዊ አካል አድርጎ እንደሚያየው ታውቋል። የበለጠ የሚያስገርመው ከጤናና ከእንክብካቤ ባለሙያዎችም 65 በመቶ የሚሆኑት እንደዚያው ማመናቸው ነው። «ጃጅተው ነው» ብሎ ማለፍ የመንደር ሰው ስህተት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ማለፉ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ ድብርት፣ የአንዳንድ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የሚጠራቀም ደም፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ የሚመስል ምልክት ያሳያሉ፤ ሁሉም ግን ሊታከሙ ይችላሉ። ለአልዛይመር ፈውስ ባይኖርም ምርመራው ጥቅም የለውም የሚባለው ትክክል የማይሆነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡ ወጣት በሆነበት አገር በሽታው እንዴት ይበዛል?

ለበሽታው ከሚያጋልጡ ነገሮች ሁሉ ትልቁ ዕድሜ ነው። በአንድ አገር የአረጋውያን ድርሻ ከመቶ ሲሰላ ትንሽ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የሕዝቡ ጠቅላላ ቁጥር ሲጨምርና ቀድሞ በወሊድ፣ በወባ፣ በተቅማጥና በሳንባ ምች ይቀጠፍ የነበረው ሰው ሰባና ሰማንያ ዓመት መድረስ ሲጀምር የታማሚዎች ቁጥር አብሮ ይንራል። ከላይ ለኢትዮጵያ የተጠቀሰው ግምትም በዋናነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። በሽታው ከቀድሞው የከፋ ሆኖ አይደለም።

ፍጥነቱ ሌላ ጣጣ ነው። በፈረንሳይ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ድርሻ ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ ለማደግ 115 ዓመት ያህል ወስዷል፤ ብራዚል ይህንኑ ለውጥ ከሩብ ምዕተ ዓመት ባነሰ ጊዜ ታጠናቅቃለች ተብሎ ይገመታል። ፈረንሳይ ጡረታን፣ ሆስፒታልንና የአረጋውያን መጦሪያን ለማደራጀት አራት ትውልድ አግኝታለች፤ ዛሬ የሚያረጁት አገሮች ያን ያህል ጊዜ የላቸውም።

«10/66» የሚለው ስም ከየት መጣ?

በ1998 በደቡብ ሕንድ ኮቺ ከተማ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ስሌት አወጡ። ከመርሳት በሽታ ታማሚዎች 66 በመቶ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት፣ የሚኖሩት በታዳጊ አገሮች ነው፤ በኅብረተሰቡ ውስጥ ከሚካሄደው የበሽታው ጥናት እነዚህን አገሮች የሚመለከተው ግን ከ10 በመቶ ያንሳል። ቡድኑ ስሙን ያወጣው ከዚሁ ንጽጽር ነው። በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ፕሮፌሰር ማርቲን ፕሪንስ አስተባባሪነት፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ከ2003 ጀምሮ በኩባ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በቬኔዝዌላ፣ በፔሩ፣ በሜክሲኮ፣ በቻይናና በሕንድ ቤት ለቤት እየዞሩ 65 ዓመት የሞላቸውን ወደ 15,000 የሚጠጉ ሰዎች መረመሩ።

ቤት ለቤት መዞሩ ለይስሙላ የተደረገ አልነበረም። በሀብታም አገሮች የሆስፒታል መዝገብ ቢያንስ የችግሩን ከፊል ገጽታ ያሳያል። የመርሳት በሽታ በሽታ ነው ተብሎ በማይታሰብበት አገር ግን ወደ ሆስፒታል የሚመጣ የለምና መዝገቡ ባዶ ነው፤ መዝገቡ ባዶ ስለሆነም የጤና ሚኒስቴሮች በሽታው በአገራቸው የለም ብለው ይደመድማሉ፤ በጀት ያልተመደበለት በሽታ ደግሞ መርማሪ ባለሙያ አይሠለጥንለትም። ከላይ የተጠቀሰው ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ካሉት ታማሚዎች 75 በመቶ የሚሆኑት በሐኪም እንዳልተለዩ፣ በአንዳንድ ድሃ አገሮች ይህ ቁጥር እስከ 90 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ገልጿል።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው የማስታወስ ችሎታው በምን ይለካል?

በዓለም ላይ እጅግ ሲሠራበት የኖረው የማጣሪያ ፈተና በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣውና በአጭሩ ሚኒ-ሜንታል የሚባለው ነው። የሚታረመው ከ30 ነጥብ ነው። ተመርማሪው ዕለቱን፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና ወቅቱን ይጠየቃል፤ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ይደረጋል፤ የተጻፈ ትእዛዝ አንብቦ ይፈጽማል፤ ከራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ እርስ በርስ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን እያየ ይስላል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ የ75 ዓመት አርሶ አደር የንባቡን፣ የጽሕፈቱንና የሥዕሉን ነጥብ ገና ሳይጀምሩ ያጣሉ። አንጎላቸው ግን ምንም ያልነካው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው በሽታው ጀምሯቸውም ቢሆን ፈተናውን በልምድ ብዛት ሊያልፉት ይችላሉ።

ቀኑን መጠየቅ እንኳ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። በጎጃም ወይም በሰሜን ሸዋ ገጠር ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ የተጠየቁ አረጋዊ «ዛሬማ ሚካኤል ነው» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ወሩ በገባ በ12ኛው ቀን ከሆነ የተጠየቁት፣ መልሱ አንዲት ስህተት የለበትም፤ ጠያቂው ይህን የማያውቅ ወይም ቅጹ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ከሆነ ግን ዜሮ ይሰጣቸዋል። ወቅቱን ሲጠየቁ «ፍልሰታ ልትገባ ነው» ቢሉም እንዲሁ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ በአስተርጓሚ የሚመረመሩ እናት ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ቢናገሩ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የጠፋባቸው መስለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ልጆቻቸው ይህን አስቀድመው ለሐኪሙ ቢያስረዱ አይከፋም።

ዕድሜም ያው ነው። የልደት የምስክር ወረቀት በሌለበት አገር የተመርማሪውን ዕድሜ ለማወቅ አጥኚዎች የታወቁ የታሪክ ክስተቶችን ይጠቀማሉ። በእኛ አገር ቢሆን «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርኩ» ያሉ ሰው ከ90 ዓመት ማለፋቸው፣ «አብዮቱ ሲፈነዳ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር» ያሉት ደግሞ ወደ 70 ወይም ከዚያ በላይ መሆናቸው ይገመታል ማለት ነው። የበሽታው መጠን የሚሰላው በዕድሜ ክልል ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚፈጠር የአምስት ዓመት ስህተት ውጤቱን ሁሉ ያዛባል።

ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች ብልሃት ያለባቸው ናቸው። በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በሚገኘው የታንዛኒያ ሃይ ወረዳ በ2009 እና በ2010 ዕድሜያቸው 70 በሞላ ነዋሪዎች ላይ ቤት ለቤት ጥናት ተካሂዶ በበሽታው የተያዙት በዕድሜ ተስተካክሎ ሲሰላ 6.4 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከሀብታም አገሮች ብዙም አይርቅም። ከዚያው ሥራ በመነሳት «አይዲያ» የተባለ አጭር የማጣሪያ ፈተና ተዘጋጀ። ፈተናው እርሳስና ወረቀት አይፈልግም፤ መርማሪው የክብሪት እንጨቶችን በአንድ ቅርጽ ይደረድራል፣ ተመርማሪው ያንኑ ቅርጽ በሌሎች እንጨቶች አስመስሎ ይሠራል። በሌላው ክፍል የእንስሳት ስም እንዲጠሩ፣ ድልድይ ለምን እንደሚያገለግል እንዲያስረዱ፣ ቀደም ብሎ የተነገሯቸውን ቃላት ቆይተው እንዲያስታውሱ ይጠየቃሉ። ይህን ሁሉ ፊደል ሳይቆጥሩ መመለስ ይቻላል።

ለስደተኞች ተብሎ የተዘጋጀ ፈተናም አለ። ሩዳስ የተባለው መለኪያ በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ ይፋ የሆነው ከብዙ አገሮች የመጡ ነዋሪዎችን ያለ አድልዎ ለመመርመር ታስቦ ነው። ገበያ ሄደው ይገዟቸዋል ተብለው የሚነገሯቸው አራት ነገሮች ሻይ፣ የምግብ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና ናቸው፤ ቆይቶም ምን ምን እንደነበሩ ይጠየቃሉ። መብራትም ሆነ ማቋረጫ የሌለበት፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ ጥግ ቆመው እንዴት እንደሚሻገሩ የሚጠየቁበትም ክፍል አለው።

ፈተናው ቢስተካከልስ ቁጥሩ ይስማማል?

ሁለተኛው ወጥመድ ከፈተናው ይልቅ በቤት ውስጥ ያለ ነው። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ነው የሚሉት የማሰብ ችሎታ መቀነሱ የሰውየውን ኑሮ ሲያውክ ነው። ግን ኑሮው መታወኩን ማን ያያል? አዛውንት በሚከበሩበት ቤት እግራቸው ይታጠባል፣ ምሳቸው ይቀርባል፣ ቡናቸው እጃቸው ላይ ይሰጣል፣ ገበያ የሚወጣላቸው ሌላ ነው፣ ገንዘብ የሚቆጥርላቸውም ልጅ ነው። ቤት ተቀምጠው ሁሉም የሚደረግላቸው ሰው ምን መሥራት እንዳቃታቸው የሚያስታውቅ አጋጣሚ የለም። ቤተሰቡ ሲጠየቅ ደግሞ የወላጅን ጉድ ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ስለሚሆንበት «ደህና ናቸው፣ ትንሽ እርጅና ነው» ብሎ ይመልሳል። ሐሰት ተናገረ ማለት አይደለም፤ የሚያየውን ነው የተናገረው።

የ10/66 ቡድን በ2008 ያወጣው ውጤት ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል። በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሲለካ በሕንድ ገጠር በበሽታው የተያዙት 0.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ከፍተኛው 6.3 በመቶ የተገኘው በኩባ ነበር። ቡድኑ ትምህርትና ባህል እንዳያዛባው አድርጎ ባዘጋጀው የራሱ መለኪያ ሲሰላ ግን ዝቅተኛው በቻይና ገጠር 5.6 በመቶ፣ ከፍተኛው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ 11.7 በመቶ ሆነ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተጠየቁትም በዚያው ቀን ነው። እህል ሻጭ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና እኩል እንዳልሆነ አውቆ ዋጋውን እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ የአገሮችን ቁጥር የሚያወዳድር ሰውም አስቀድሞ በየትኛው ቁና እንደተሰፈረ መጠየቅ አለበት። ሕንድ ውስጥ በ2023 የታተመ ሌላ አገር አቀፍ ጥናት 60 ዓመት ከሞላቸው ሕንዳውያን 7.4 በመቶ፣ ማለትም ወደ 8.8 ሚሊዮን የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው ገምቷል። ይህ ከ0.3 በመቶ ጋር ሲተያይ የቀድሞው «ሕንድ ገጠር ውስጥ በሽታው የለም ማለት ይቻላል» የሚለው መደምደሚያ ከምን እንደመጣ ግልጽ ይሆናል።

ታዲያ በአፍሪካ በሽታው ያንሳል የተባለው ስህተት ነበር?

ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ነገሩን አስቸጋሪም አስደሳችም የሚያደርገው ይህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናይጄሪያዊው የነርቭ ሐኪም ቤንጃሚን ኦሱንቶኩንና አሜሪካ የነበረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሂዩ ሄንድሪ ሁለት ማኅበረሰቦችን በአንድ ዓይነት መለኪያ ማወዳደር ጀመሩ። አንደኛው በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ ኢዲካን በተባለ ሰፈር የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያን፣ ሌላው በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። መለኪያው ለሁለቱም ተብሎ የተዘጋጀ ስለነበር ከላይ የተነሳው የቁና ችግር በእጅጉ ቀንሷል። በ2001 የወጣው ውጤት በኢባዳን በየዓመቱ በአዲስ የሚያዙት 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ ደግሞ 3.24 በመቶ መሆናቸውን አሳየ።

ለምን? የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የስኳር ሁኔታ በሁለቱ ቦታዎች ይለያያል፤ አመጋገብና እንቅስቃሴም እንዲሁ። ሌላው መልስ ደስ የማይል ነው፦ በኢባዳን ለበሽታው የተጋለጡት ሰዎች በሌላ በሽታ ቀድመው ሞተው ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች አፖ-ኢ4 በተባለው የዘር ውርስ ዓይነት ላይ ያገኙት ግን ከሁሉ የበለጠ አነጋጋሪ ሆነ። ይህ የዘር ውርስ ዓይነት በአውሮፓውያን ዘንድ የአልዛይመርን አደጋ በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። በዮሩባዎች ዘንድ በብዛት የሚገኝ ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ከበሽታው ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ ዓመታት አልፈው ብዙ ሰው ሲመረመር ደግሞ ከሁለቱም ወላጆች በወረሱት ሰዎች ላይ ብቻ አደጋውን ከፍ ሲያደርግ ተገኘ። በቦሊቪያ ጫካ የሚኖሩት ጺማኔ የተባሉ አራሾችና አዳኞችም በ2022 በታተመ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ ካሉት የተያዙት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው መገኘታቸው ብዙዎችን አስገርሟል። እነዚህ ግኝቶች በሽታው በዘር ብቻ እንደማይወሰን ይጠቁማሉ፤ ለንደንና ቦስተን ተቀምጦ የማይገኙ ፍንጮች መሆናቸውም ለጥናቱ መስፋት ጠንካራ ምክንያት ነው።

የጥናቱ ጥቅም ለተጠኚዎቹ ይደርሳል?

እዚህ ላይ የኮሎምቢያው ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም። በአንቲዮኪያ ክፍለ ሀገር ተራሮች ወደ 6,000 የሚጠጉ አባላት ያሉት ሰፊ የዘመድ ስብስብ አለ፤ ከእነዚህ 1,200 ያህሉ አልዛይመርን በለጋ ዕድሜ የሚያመጣ የዘር ውርስ ለውጥ ይሸከማሉ። መለስተኛው የማስታወስ ችግር በ44 ዓመት፣ ዲሜንሺያው በ49 ዓመት አካባቢ ይጀምራቸዋል። በ2024 ያረፉት የነርቭ ሐኪም ፍራንሲስኮ ሎፔራ አራት አሥርት ዓመታት ያህል እየተመላለሱ የተከታተሏቸው እነዚህን ቤተሰቦች ነው። በዚህ ስብስብ የተሞከረው ክሬኔዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2022 በቂ ውጤት አላሳየም። ሆኖም በ2019 የተዘገበ አንድ ግኝት ተስፋ ሰጥቷል፦ የበሽታውን ለውጥ እየተሸከሙ ሳለ ከሌሎቹ በሠላሳ ዓመት ዘግይተው የታመሙ አንዲት ሴት፣ እነዚያ ዓመታት ሁሉ የጠበቃቸው የሚመስል ሌላ ብርቅ የዘር ውርስ ለውጥ እንዳላቸው ታወቀ። መድኃኒት ቀማሚዎች አሁን ያን ለውጥ ለማስመሰል እየሞከሩ ናቸው።

ከእነዚያ ተራሮች የተገኘው እውቀት ወደ መድኃኒት ቢለወጥ የቤተሰቦቹ አቅም ይደርስበት እንደሆነ ግን አጠራጣሪ ነው። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የበሽታውን ሂደት በመጠኑ የሚያዘገይ እንጂ የሚፈውስ አይደለም፤ የዓመት ዋጋው 26,500 ዶላር ሆኖ ወጣ። ሲፈቀድ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነበር፤ አንጎል ውስጥ እብጠት ወይም መድማት እንዳያስከትል በተደጋጋሚ የኤም.አር.አይ. ምርመራ ይፈልጋል። ይህን በእኛ አገር የጤና ሥርዓት ላይ አስቀምጦ ማሰብ ለአንባቢ እተዋለሁ።

መከላከልስ ይቻላል?

በከፊል። «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያሰባሰበው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ ወደ 45 በመቶ የሚሆነው የዓለም የመርሳት በሽታ ከ14 ሊለወጡ ከሚችሉ ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው ይላል፤ ከእነዚህም የትምህርት እጦት፣ የመስማትና የማየት ችግር፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የአየር ብክለትና ብቸኝነት ይገኙበታል። ቀደም ሲል በዘጠኝ ነገሮች ላይ ብቻ ተመሥርቶ በ2019 የወጣ ስሌት ሊከላከሉት የሚቻለው ድርሻ በሕንድ 41 በመቶ፣ በላቲን አሜሪካ 56 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ በእነዚያው ዘጠኝ ነገሮች ላይ ተመሥርቶ በ2017 የወጣው የዓለም ግምት 35 በመቶ ነበር። ድሃ አገሮች ገና ብዙ የሚሠራ ስላላቸው የሚያተርፉትም ብዙ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳትቀር ማድረግና የጎልማሳን የደም ግፊት በጤና ጣቢያ መቆጣጠር ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚታይ ውጤት አላቸው። አንድ ማሳሰቢያ ግን ይጨመር፦ እነዚህ ስሌቶች የተመሠረቱበት መረጃ በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የመጣ ነው።

እስከዚያው የሚያስታምመው ማነው?

ቤተሰብ፣ በተለይም ሴቶች። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በ2019 ዓለምን 1.3 ትሪሊዮን ዶላር እንዳስወጣና ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ የሚሰጡት እንክብካቤ ዋጋ መሆኑን አስልቷል፤ በአማካይ በቀን አምስት ሰዓት፣ ከሰዓቱም 70 በመቶው በሴቶች ይሸፈናል። ሥራዋን የተወች ልጅ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች የልጅ ልጅ፣ በየትኛውም በጀት ውስጥ አትታይም።

ይህን ሸክም በርካሽ ማቃለል እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት ከሕንዷ ጎዋ ወጥቷል። በ2008 በታተመው በዚህ ሥራ 81 ቤተሰቦች የተሳተፉ ሲሆን፣ ሐኪም ያልሆኑ ነገር ግን የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት እየሄዱ ስለ በሽታው ያስረዱ፣ ታማሚው ሲቆጣ ወይም ሌሊት ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ያማክሩ፣ አስታማሚዋንም ያበረታቱ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የአስታማሚዎቹ የመንፈስ ጭንቀት በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት በሚዞሩባት ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አሠራር ከየትኛውም መድኃኒት ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ይመስለኛል።

የደም ምርመራው ነገሩን ይለውጠዋል?

በግንቦት 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አልዛይመርን ለመለየት የሚያግዝ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ምርመራው ፒ-ታው 217 የተባለውን ፕሮቲን ከአሚሎይድ ጋር አነጻጽሮ ይለካል። እስካሁን አሚሎይድ መኖሩን ለማወቅ እጅግ ውድ የሆነ የአንጎል ምስል ወይም ከአከርካሪ የሚቀዳ ፈሳሽ ያስፈልግ ስለነበር፣ የደም ናሙና መላክ ለሚችል ማንኛውም ሆስፒታል ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የፊደል እውቀት፣ ቋንቋና የዘመን አቆጣጠር ደምን አያዛቡም።

ሌሎች ነገሮች ግን ያዛቡታል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው በሽታው ሳይኖርበት የፕሮቲኑ መጠን ከፍ ሊልበት ይችላል፤ የኩላሊት ሥራ ቀድሞ ባልተመረመረበት አገር ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። በሽታ አለ የሚባልበት መነሻ መጠን የተወሰነው በአብዛኛው ከነጭ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን በተገኘ ደም ስለሆነ ለአፍሪካውያን ያው መሆኑ በየቦታው መፈተሽ አለበት። ደሙ የደም ሥር መዘጋት ያመጣውን ዲሜንሺያ አያሳይም፤ ብዙ ጤነኛ አረጋውያንም አንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ ይዘው ሳይታመሙ ይኖራሉ። ፈቃዱ የተሰጠውም 55 ዓመት ለሞላቸውና ምልክት ለታየባቸው ሰዎች፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ተያይዞ እንዲሠራበት ነው፤ ምልክት መታየቱን የሚወስነው ደግሞ አሁንም ከታማሚውና አብሯቸው ከሚኖረው ሰው ጋር የሚደረገው ጭውውት ነው።